ጠብ

ሞንቴሬ ከተማ ውሃ ጠምቷት ተኝታ፣
ኖኤሊያ አስፋልት ላይ በደረቷ ተደፍታ፣
ከሌሊቱ ስምንት፣
ጆሮዋን ለምድር ሰጥታ
ታዳምጣለች።
ከታች፣ ከአሮጌው የብረት ቱቦ፣ አንድ ነገር ይላል፦
ጠብ።

ለሰፈሩ ቧንቧ ተራው ከነገ በስቲያ፣
ባልዲ ተሰልፏል እስከ መታጠፊያ፤
ከእግራቸው ስር ግን፣ ሁለት ክንድ ጠልቆ፣
ማንም ያልጠጣው ውሃ ይሄዳል ተሰርቆ፤
ሌባውም ዝገት ነው፣ አይከሰስም።

ከጎሚስታ ቤት በላይ አንድ ክፍል፣ ሁለት ወንበር፣
ድርጅት ይሉታል።
ኤሊአሳር ኮዱን ይጽፋል፣ እሷ ጆሮውን ትሠራለች፦
የብርቱካን ያህል ክብ፣ ማግኔት ያለው፣
ቱቦ ላይ ተለጥፎ ሌሊቱን የሚሰማ።
በመጀመሪያው ወር ጎማ በፈነዳ ቁጥር ይደነግጥ ነበር፤
አሁን ለምዷል።
እነሱ ግን የባንክ ሒሳቡን ማየት አልለመዱም።

ጠብ እርግፍ ይላሉ።
የአባቷ ፒክአፕ ተሸጧል፤
የኤሊአሳር የሠርግ ቁጠባ ገብቷል፣
ሙሽራዋ ሳታውቅ፣ ወይም አውቃ ዝም ብላ።
የቀረው ገንዘብ አሥራ አንድ ሳምንት ያቆያል፤
ኪራይ ከተከፈለ፣ ዘጠኝ፤
ከታመሙ፣ እንጃ።

አርባ አንድ በር አንኳኩ።
የመጨረሻው ሳን ፔድሮ፣ አሥራ ዘጠነኛ ፎቅ፤
በመስኮቱ የኮርቻው ተራራ፣ ጋላቢ የሌለው፤
ባለሀብቱ ሊሳንድሮ ፊት
ከሩቅ አገር የመጣ ውሃ፣ አረፋው ሳይበርድ፣ ሳይጠጣ።
ኖኤሊያ ብርጭቆውን እንጂ ሰውየውን አላየችም።

«ሐሳባችሁ ግሩም፣ ቡድናችሁ ብርቱ፤
የገበያው ስፋት የታለ ስሌቱ?
ደንበኛው መንግሥት ነው? ክፍያው ይዘገያል፤
እደጉና ኑልኝ፣ ደጄ ክፍት ይቆያል።»

ደጁ ግን ተዘጋ፣ ወዲያው፣ በኤሌክትሪክ።
ከአርባ አንድ ውዳሴ
ጠብ ያለ ነገር የለም።

ጠብ በእኛ አፍ ሌላም ነገር ነው፤
እሱም በሐምሌ መጣ።
«ባንክ ቀጥሮኛል» አለ ኤሊአሳር፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ።
«ድርሻዬ ግን ግማሽ ነው፣ እንደተባባልነው።»
«ግማሹ ለሚቆይ ነው!»
«ሁለት ዓመት አልቆየሁም?»
ከዚያ በኋላ ያሉትን ጎሚስታው ያውቃል፤
መዶሻውን አስቀምጦ ነበር የሰማው።
ጠረጴዛው ላይ ማንም ያላጠፋው ብርቱካንም ሰማ፤
በማግስቱ ስክሪኑ ላይ በቀይ ጻፈ፦
«ፍሳሽ ተገኝቷል። እርግጠኝነት፣ ዘጠና ሦስት ከመቶ።»

ሳቀ። ሳቀች።
ከዚያ ቁልፉን አስቀምጦ ሄደ።

ዶን ክሬሴንሲዮ ጡረታ የወጣ የቧንቧ ሰው ነው፤
ዕድሜውን የብረት ዘንግ በጆሮው ተደግፎ ሌሊት ሲዞር የኖረ።
«ማሽንሽ የት ነው የጮኸው?» አላት።
ዘንጉን ተከለ፣ ጆሮውን አስጠጋ።
ውሻ ጮኸ፤ ውሻውን ተቆጣ።
«ሁለት ክንድ ወደ ግራ።»
ቆፈሩ፤ ሁለት ክንድ ወደ ግራ ነበር።

ስሕተቱን ለማረም ስድስት ሳምንት ፈጀባት፣
ከቀሯት ሰባት።

የውሃ መሥሪያ ቤቱ ለአንድ ሰፈር ፈረመ፤
በዘጠና ቀን እከፍላለሁ ያለውን
በመቶ አርባ ከፈለ።
ከገንዘቡ በፊት የደረሰው የሊሳንድሮ ስልክ ነው።

ውሉ ሠላሳ አራት ገጽ፦
ሃያ ሁለት ከመቶ ለነሱ፣ በቦርዱ አንድ ወንበር፣
ኩባንያው ቢሸጥ ቅድሚያ፤
በግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል፣ ኤሊአሳር፣
የበሰለችለትን ያህል፣ ስድስት ከመቶ።
ስሙን ስታይ ብዕሯን አስቀመጠች።

የሽማግሌውን ዘንግ ከጥግ አነሣች፣
ጫፉን ውሉ ላይ አቆመች፣
ጆሮዋን አስደገፈች።
ዶን ክሬሴንሲዮ አልሳቀም።
«ምን ይላል?»
«ዝም ብሎኛል።»
«ገና ነዋ» አለ፣ «መች ተለቀቀበት።»

ፈረመች።
ሐሙስ ተለቀቀ።
ጆሮዋን አላነሣችም።